ስብሰባችንን የዋጠው ገመድ

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፤ የካ አባዶ)



ቡናው እስኪደርስ ሰብሳቢያችን ግማሽ ሰዓት ሰጥተውናል። ዛሬ ከሒሳብ ክፍል የመጣነው ስለ ብር ለመናገር አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ስላለችው፣ አንዳንዶቻችሁ «ሳጥኗ» ስለምትሏት፣ በቋሚ ንብረት መዝገባችን ደግሞ «ሳውንድ ካርድ፣ ብዛት 1» ተብላ ስለተመዘገበችው ዕቃ ነው። ዋጋዋንና ደረሰኟን ባለፈው ሪፖርት አሳይተናችኋል፤ የእርጅና ተቀናሿንም ማስላት ጀምረናል፤ እሱን አንደግመውም። የምንነግራችሁ ከላፕቶፑና ከሞንታርቦው ጋር እንዴት እንደምትገናኝ ነው። እስካሁን ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ሁለታችንም በቀረንበት ቀን ማኅበሩ ድምፅ አይኖረውም ማለት ነው።

ለምን እንደገዛናት ግን አዲሶቹ አባላት አታውቁም። የነበራችሁትም እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ መንገድ ነው የምታወሩት። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

የመዘግየት መቀጫውን ከ20 ብር ወደ 50 ብር ከፍ ያደረግነው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። የጻፍነውም እኛው ነን። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እናታችን የሦስት ወር መዋጯቸውን ሊከፍሉ ሲመጡ 150 ብር መቀጫ ጠየቅናቸው። ስማቸውን አንጠራም፤ እዚሁ መሐላችን ተቀምጠዋል፤ ታሪኩን እንድናወራም ፈቅደውልናል። «ማን ወሰነ? መቼ?» አሉን። ቃለ ጉባኤውን አወጣንላቸው። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅን በጣታችን እያሳየን «ይኸው፣ እዚህ ጋ ተጽፏል» አልናቸው። ዛሬ ስናስበው ከሁሉ የሚያሳፍረን ይህ ነው። እሳቸውም «ወረቀትማ የጻፈው ሰው ያለውን ነው የሚለው» ብለውን ወጡ።

ጉባኤውን በስልክ ቀድተነው ነበር። «እንግዲያውስ በሚቀጥለው ስብሰባ ለሁሉም እናሰማለን፤ ያኔ ይለያል» አልን። እውነቱን ለመናገር ልባችን ሞልቶ ነበር።

ሞንታርቦውን ከእድር ተዋስን። ቅጂውን ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥነው። ከላፕቶፑ የኤርፎን ቀዳዳ ወደ ሞንታርቦው የሚሄድ፣ አንዱ ጫፉ ቀጭን ሌላው ወፍራም ጃክ የሆነ ገመድ መርካቶ ወርደን ገዛን። ጠዋት እዚሁ ኮሙናሉ ውስጥ ዘፈን ከፍተን ሞከርነው፤ ሠራ። የዘፋኟ ድምፅ ብቻ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ክራሩና ከበሮው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እሷ ግን የለችም ማለት ይቻላል። «ሞንታርቦው አርጅቷል» ብለን ስቀን አለፍነው።

ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ቅጂውን ከፈትነው። ዝም። ድምፁን ጨመርን። ከስስ እሽታ በቀር ምንም የለም። ዘፈኑን መልሰን ስንከፍት ይሰማል፤ ቅጂውን ስንከፍት ዝም። ከኋላ አንዲት እናት «ዘፈን ሲሆን የሚናገር፣ የእኛ ስብሰባ ሲሆን የሚያንቀላፋ ምን ዓይነት ማሽን ነው?» አሉ። ሌላዋ ቀበል አድርገው «ቆርጠውታላ!» አሉ። በድንጋጤ ገመዱን ስንነቅለው ቅጂው በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር መናገር ጀመረ። ግን የሰሙት ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። እነሱ «ሰማን፣ አለ» ሲሉ፣ ከኋላ ያሉት «እናንተማ ምን ጊዜም ትሰማላችሁ» አሏቸው። ስብሰባው ያለ ቃለ ጉባኤ ተበተነ። በማግስቱ ሰባት አባላት ቁጠባችን ይሰጠን ብለው መጡ።

ሰባት ሰው ብዙ አይመስልም። ግን የእኛ ማኅበር ዋስትናው ምንድን ነው? ሕንፃ የለንም፣ መኪና የለንም። ያለን ነገር ቢኖር ዕጣ ወጥቶልን ከየሰፈሩ እዚህ የተሰባሰብን፣ ቀድሞ የማንተዋወቅ ሴቶች ብራችንን አንዳችን ለሌላችን አምነን መስጠታችን ነው።

በሰፈራችን በሰርግና በልቅሶ ድንኳን ሳውንድ የሚሠራ ልጅ አለ። ሞንታርቦውን ሊያነሳ ሲመጣ የሆነውን ነገርነው። አልሳቀብንም፤ ገመዱን ብድግ አድርጎ ወፍራሙን ጃክ አሳየንና «ቀለበቶቹን ቁጠሩ» አለን። እናንተም እዩት፤ ጃኩን ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለበቶች አሉ። አንድ ጥቁር ቀለበት ካለው ብረቱ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። የእኛው ገመድ ሁለት ቀለበት ነበረው።

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ሦስት ቦታ የተከፈለ ጃክ ለሁለት የተለያየ ሥራ ያገለግላል፤ መልኩ ግን አንድ ነው። በኤርፎን ላይ ሲሆን አንዱ ክፍል የግራ ጆሮ፣ አንዱ የቀኝ ጆሮ፣ ሦስተኛው የጋራ መመለሻ ነው። በሞንታርቦና በስቱዲዮ ዕቃ ላይ ሲሆን ግን ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ነው የሚልከው፤ በአንደኛው ሽቦ እንዳለ፣ በሁለተኛው ሽቦ ተገልብጦ። ተቀባዩ ሞንታርቦ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል።

ይህን ሲነግረን ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ቶሎ ገባን፤ እናንተም በቁጥር እዩት። ድምፁ 5 ነው እንበል። በአንዱ ሽቦ 5፣ በሌላው ከዜሮ በታች 5 ሆኖ ይሄዳል። መንገድ ላይ ከመብራት መስመሩ ጫጫታ ገባበት፤ ጫጫታው 2 ነው። ጫጫታ ሽቦ አይመርጥም፣ ሁለቱም ላይ እኩል ይገባል። ስለዚህ አንደኛው 7 ሆኖ ይደርሳል፣ ሌላው ከዜሮ በታች 3 ሆኖ ይደርሳል። ሞንታርቦው አንዱን ከሌላው ሲቀንስ 10 ያገኛል፤ የድምፁ እጥፍ ነው፣ ጫጫታው ግን የለም። በሁለቱ ዓምድ እኩል የተመዘገበ ነገር ሲቀናነስ ዜሮ ይሆናልና። በጣም ብልህ አሠራር ነው። በሰርግ ቤት ረጅም ገመድ እየተዘረጋ የማይጮኸው በዚህ ነው።

አሁን የእኛን ገመድ አስቡት። ከላፕቶፑ የወጣው ግራና ቀኝ ነው። ስልኩ ጉባኤውን የቀዳው በአንድ ማይክ ስለሆነ ግራው 5 ነው፣ ቀኙም 5 ነው። ሞንታርቦው ቀነሳቸው። ዜሮ። ማሽኑ ድምፃችንን በሁለቱም በኩል እኩል ሲያገኘው እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሰረዘው። ዘፈኑ የተሰማው መሣሪያዎቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ አጋድለው ስለሚቀዱ ነው፤ ዘፋኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ናት፣ በሁለቱም እኩል። ስለዚህ ጠዋት ከጉድጓድ የሰማናት ዘፋኝ ቀድማ ነግራን ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማናት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለማሰማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙን ለሁለት የሚከፍል፣ ጫፎቹ አንድ አንድ ቀለበት ያላቸው ገመድ ይበቃን ነበር። ይህን በግልጽ መናገር አለብን፤ «ዕቃው ለምን ተገዛ?» የሚል ኦዲተር ቢመጣ ይህን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ሳጥኗን የገዛነው ለማሰማት ሳይሆን ለመቅዳት ነው። በስልክ የተቀዳ ጉባኤ በስልኩ አጠገብ ያለው ሰው ጉባኤ ነው።

የሳጥኗ ሥራ ሦስት ነው። ከማይክ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው፣ የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ ብቻ፤ መጀመሪያ ያንን ታጎላዋለች። ቀጥሎ ድምፁን ወደ ቁጥር ትለውጣለች፤ በአንድ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ትለካውና እያንዳንዱን ልክ ጽፋ ለላፕቶፑ ትሰጣለች። ከላፕቶፑ የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ መልሳ ድምፅ አድርጋ ለሞንታርቦው ትሰጣለች። ልኬቱ ምን ያህል ደቃቅ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ በ1982 (በአውሮፓውያን) የወጣው ሲዲ እያንዳንዱን ልክ በ65,536 ደረጃዎች ይጽፋል፤ ይቺ ሳጥን በ24 ቢት ስትሠራ በ16,777,216 ደረጃዎች ትጽፋለች። ሒሳብን ወደ ብር አጠጋግቶ በመዝጋትና እስከ ሳንቲሙ በመዝጋት መካከል ያለ ልዩነት አድርጋችሁ ያዙት። ከኋላ በቀስታ የተናገረች እህት ድምፅ በሳንቲሙ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ማገናኘቱ። ገመድ ሲበዛ ግራ የሚገባው ሰው አለ፤ እኛም እንደዚያው ነበርን። በኋላ የረዳን አንድ ነገር ነው፦ ገንዘብን በደረሰኝ እንደምንከታተለው ድምፁን እንከታተለው። ከአፍ ተነስቶ የት ገባ? ከዚያስ በየት ወጣ? በየቀዳዳው ፊት ቆማችሁ «ይሄ ገቢ ነው ወይስ ወጪ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገቢ ከገቢ አይገናኝም፣ ወጪም ከወጪ።

ከማይኩ የሚወጣው ገመድ ሦስት እግር ባለው ክብ ጫፍ ሳጥኗ ፊት ላይ፣ ቁጥር 1 የተጻፈበት ላይ ይሰካል። «48 ቮልት» የሚል ቁልፍ አጠገቡ ታያላችሁ፤ እሱ ኮንደንሰር ለሚባሉት ማይኮች ነው፤ እነሱ ካልተመገቡ አይናገሩም። የእኛ ማይክ ዳይናሚክ ስለሆነ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ቁልፉን ተዉት። ከሳጥኗ ጀርባ የፕሪንተር ገመድ የሚመስል የዩኤስቢ ገመድ ይወጣል፤ እሱን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ፍላሽና ማውስ በምንሰካበት የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ ሳጥኗ ምግቧን የምታገኘው ከዚሁ ገመድ ነው፣ 5 ቮልት ናት፣ የምትሻማት ስትኖር መንተባተብ ትጀምራለች።

በነገራችን ላይ ይሄ የመመገቧ ነገር አንድ በረከት አለው። መብራት ሲሄድ ሞንታርቦው ዝም ይላል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል፣ ሳጥኗም ከላፕቶፑ ስለምትበላ ትቀጥላለች። ስለዚህ ቅጂው አይቋረጥም። የምትናገረዋ እህት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማይኩን እንደያዘች ትቀጥል። አንድ ነገር ብቻ፦ መብራት በሄደ ቅጽበት አንድ ሰው ሄዶ የሞንታርቦውን ማብሪያ ያጥፋ። ሲመለስ በድንገት ከበራ የሚያወጣው ፍንዳታ ለስፒከሩም ለልባችንም አይሆንም። በሌላውም ጊዜ ሕጉ ይኸው ነው፤ ሞንታርቦው መጨረሻ ላይ ይበራል፣ መጀመሪያ ላይ ይጠፋል።

ወደ ሞንታርቦው የሚሄደው ከሳጥኗ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ ተብለው ከተጻፉት ሁለት ወፍራም ቀዳዳዎች ነው። ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ የሄድፎን ነው፤ ከዚያ ወደ ሞንታርቦ ከሰካችሁ የመጀመሪያው ቀን ውርደት ይደገማል፣ እሱም ስቴሪዮ ነውና። ከጀርባዎቹ ሲሆን ግን ሁለት ቀለበት ያለው ገመድ ትክክለኛው ነው፤ እያንዳንዳቸው አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ አድርገው የሚልኩ ናቸው። ሞንታርቦው ላይ «ማይክ» እና «ላይን» የሚል መምረጫ ካለ «ላይን» ላይ አድርጉት። ማይክ ላይ ከተተወ ቀድሞ የጎላውን መልሶ ሊያጎላ ይሞክርና ድምፁ ይሰነጠቃል።

ሁለት ሞንታርቦ ካለን አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ ነው። አንድ ብቻ ሲኖረን ግን ተጠንቀቁ። ማይኩ የተሰካው ቁጥር 1 ላይ ስለሆነ አንዳንድ ፕሮግራም ድምፁን በግራ በኩል ብቻ ይቀዳዋል። ሞንታርቦው ደግሞ ቀኙ ላይ ከተሰካ፣ እንደገና ዝምታ! ይሄ ሊደርስብን ነበር፤ ደግነቱ ጠዋት ስንሞክር ዘፈን ሳይሆን የራሳችንን ድምፅ ቀድተን ነበርና አገኘነው። ስትቀዱ በፕሮግራሙ ላይ «ሞኖ» ምረጡ፤ እኛ የምንጠቀመው ኦዳሲቲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም በቅንብሩ ውስጥ ሁሉንም ድምፅ ወደ ሞኖ የሚያደርግበት ቦታ አለው።

ላፕቶፑ ራሱስ? ሳጥኗን ስለሰካን ብቻ እሷን ይጠቀማል ማለት አይደለም። ታች በቀኝ በኩል ያለውን የስፒከር ምልክት ተጭናችሁ መውጫው የሳጥኗ ስም መሆኑን እዩ። መግቢያው ደግሞ ለብቻው ይመረጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ከተረሳ ሞንታርቦው በደንብ እየሠራ፣ ላፕቶፑ ግን በራሱ በትንሿ ማይክ የማራገቢያውን ጩኸት ሲቀዳ ይውላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቅጂውን አስጀምሩና የላፕቶፑን ጠርዝ በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉ። የድምፅ መለኪያው መስመር ከዘለለ የሚቀዳው የተሳሳተው ማይክ ነው። ካልዘለለ ማይኩን ያዙና «እንደምን ዋላችሁ» በሉበት።

ጌይን የሚባለውን ማዞሪያ ስታስተካክሉ ማይኩን ለሚያንሾካሽክ ሰው ሳይሆን ለሚቆጣ ሰው ስጡ። እኛ ለዚህ የምንጠራት እህት አለች፤ ራሷን ታውቃለች። እሷ በሙሉ ድምፅዋ ስትናገር መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ማንም ቢናገር አይቀላም። ከቀላ ቁጥሩ ከቅጹ ሳጥን ውጪ ሄዷል ማለት ነው፤ የተረፈው አይጻፍም፣ በኋላም በምንም አይመለስም። ያነሰ ድምፅ ግን በኋላ ሊጎላ ይችላል።

እዚህ ድረስ በትክክል ካደረግን በኋላም «እንንን» የሚል ድምፅ ሊኖር ይችላል። በሁለተኛው ሙከራችን ሰማነው፤ ከንብ ቀፎ አጠገብ የተቀመጥን ይመስል ነበር። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ጩኸቱ ከዚያ የሚመጣ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀሉት። ጩኸቱ ወዲያው ከጠፋ፣ ላፕቶፑና ሞንታርቦው በተለያየ ሶኬት ተሰክተው ምድራቸው ስለተለያየ በገመዱ ውስጥ እየተዟዟረ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ፤ ያ ካልበቃ ስብሰባው እስኪያልቅ በባትሪ ሥሩ። አንድ ሰው «የስፒናውን ሦስተኛ እግር ቁረጡት፣ ይጠፋል» ብሎ መክሮን ነበር። እውነት ነው፣ ሊጠፋ ይችላል። ግን ያቺ ሦስተኛ እግር ዕቃው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በእኛ እጅ ፈንታ በእሷ እንዲሄድ የተሠራች ናት። ማይኩን የሚይዙት እናቶቻችን ናቸው። ማንም እንዳይነካት።

ሌላው የሚጮኸው፣ ያ ጆሮ የሚበሳው፣ ማይኩ ከሞንታርቦው ፊት ሲቆም ነው። ሞንታርቦው ወደ እናንተ ይዙር፣ የምትናገረዋ ከኋላው ትቁም። ማይኩ ከአፍ አራት ጣት ይራቅ። ብዙዎቹ እናቶቻችን ማይኩን እንደ ጧፍ ደረታቸው ላይ ይይዙታል፤ ከአክብሮት ነው፣ እናውቃለን፤ ግን ማይክ አይከበርም፣ ይቀረባል። ቤታችን ደግሞ ግድግዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ያስተጋባል። ባለፈው ሁለት እህቶች ጋቢያቸውን በጎንና በጎን መስኮቱ ላይ ሲሰቅሉት የመጣውን ለውጥ ሰምታችኋል። በቤሩትና በዱባይ ሆነው መዋጯቸውን የሚልኩ አባሎቻችን በቴሌግራም ሲገቡም ይኸው ሥርዓት ነው፤ ተጨማሪው ነገር እነሱ ሲናገሩ የእኛን ማይክ መዝጋት ነው፣ አለዚያ የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ሳጥኗን ይዘን በተመለስንበት ስብሰባ፣ ያንኑ የስልክ ቅጂ በዚህ መንገድ ከፈትነው። ቤቱ ሙሉ ሰማ። እኛም ያልጠበቅነውን ሰማን።

ውሳኔው ተነቧል። አልዋሸንም። ግን የተነበበው ያለ ማይክ፣ ሲኒ እየተንኳኳ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። «ተስማምታችኋል?» ስንል ይሰማል። «እሺ» ሲሉ የሚሰሙት ሦስት ድምፆች ናቸው፤ ሦስቱም ከፊት። ከዚያ በኋላ ከስልኩ ራቅ ብሎ አንድ ድምፅ «ምን አሉ?» ይላል። መልስ የሰጠው የለም። ያ ድምፅ የእሳቸው ነበር። ሁላችንም አወቅነው፤ እሳቸውም ራሳቸውን አወቁ። «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብለን የጻፍነው ያንን ነው።

የ150 ብሩን ተመላሽ እዚያው በደረሰኝ ከፈልን። ውሳኔው እንደገና በማይክ ቀረበ፣ ሁለት ጊዜ ተነበበ፣ እጅ ተቆጠረ፤ 50 ብር ወደቀ፣ 30 ብር ጸደቀ። ከሰባቱ አባላት አምስቱ ተመልሰዋል። ሁለቱ አልተመለሱም፤ ቁጠባቸውን ሰጥተን አሰናብተናል።

ቅጂዎቹን የት እናኖራለን ለሚለው ጥያቄያችሁ አጭር መልስ አለን። የሁለት ሰዓት ስብሰባ ሳይታመቅ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ እሱን በማኅበሩ ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን። ለስልካችሁ የሚላከው የታመቀው ነው፣ ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን ዳታ ይበላልና ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ለስንት ዓመት ይቆይ የሚለው ግን እኛ የምንወስነው አይደለም፣ የእናንተ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ እናስታውሳችሁ። በ1898 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀዳ መልእክት ልካ ነበር፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተብሎ ጠፋ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው የሰጡት ምላሽ ግን አልተሰበረም፤ የእቴጌይቱ ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። የእኛን ቅጂ ከሁለቱ እንደ የትኛው እናድርገው? በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ይዘነዋል፤ አስባችሁበት ኑ።

አሁን ንግግሩ በቃ። እስካሁን ስንናገር የነበረው በዚችው ሳጥን በኩል ነው፤ ቅጂውም እየሄደ ነው። አሁን ግን እናቆመዋለን፣ ሞንታርቦውን አስቀድመን እናጠፋለን፣ ገመዱን ሁሉ እንነቅልና ጠረጴዛው ላይ እናደባልቀዋለን። አንዱ ገመድ የዚያ ቀኑ ገመድ ነው፤ ሆን ብለን መሐላቸው ጨምረነዋል። ሁለት ሰው መጥቶ መልሶ ያገናኝልን። ያቺ ከኋላ መስመር «ምን አሉ?» ያሉት እናታችን ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል። አጠገባቸው ያለሽው፣ አንቺም ነይ፤ ቀለበቱን ትቆጥሪላቸዋለሽ።